የሉብና ድምፅ

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2014፣ ረመዳን ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ለኢቃማ፣ ለመኖሪያ ፈቃዴ ማደሻ የሚሆን ጉርድ ፎቶግራፍ ለመነሣት ሪያድ መንፉሐ ሰፈር ወደሚገኘው የጋሽ ጣሰው ፎቶ ቤት ጎራ አልሁ። ሥራዬ በሪያድ የሚኖሩ የአገሬን ልጆች ማስተማር ነው። ጋሽ ጣሰው በዚያች ጠባብ ቤት ሰው ሲያነሡ ያረጁ፣ ቃላቸው የሚታመን ሰው ናቸው። ስገባ ከረሺድ ጋር ክርክር ገጥመው አገኘኋቸው። ረሺድ አገር ቤት ኮምፒውተር የተማረ፣ እዚህ ግን ሱወይዲ ሰፈር ውስጥ ስልክ የሚጠግን ወጣት ነው።

ያከራከራቸው ጠረጴዛው ሥር የተቀመጠ ጥቁር ሳጥን ነው። ሁለት ሃርድ ዲስኮች የያዘ፣ በኔትወርክ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር የተያያዘ አሮጌ ማከማቻ ነው። የሠርጉም የዒዱም ቪዲዮ፣ ባለፈው ኅዳር ፈቃድ በሌላቸው ላይ በተደረገው አፈሳ ተይዘው አገር ቤት የተላኩት ሰዎች መልክ ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

«ጋሼ፣ አንዱ ዲስክ ከሞተ ቆይቷል» አለ ረሺድ። «ሳጥኑ ላይ የሚበራው ቀይ መብራት የሚለው ይህንኑ ነው። አሁን ሁሉንም የተሸከመው የቀረው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም አርጅቷል። እባክዎ ወደ አዲስ ማከማቻ እናዛውረው።»

«ልጄ፣ ስከፍተው ይከፈታል። የሚሠራ ነገር ለምን እነካካለሁ?»

«የሚሞትበትን ቀን አይነግርዎትም፣ ጋሼ።»

ጋሽ ጣሰው መነጽራቸውን አወለቁ። «ስማኝ። በአፈሳው ጊዜ ሰዉ ያለውን በሻንጣ ይዞ ሲወጣ አይቻለሁ። ስንቱ ሻንጣ መንገድ ላይ ቀረ! ለእኔ ማዘዋወር ማለት ያ ነው። ደግሞም የሴቶቹን ግብዣ የቀረጸችው ሟች ባለቤቴ ጽጌ ናት። ሴቶቹ ፊታቸውን የገለጡት እሷን አምነው ነው። እኔ እንኳ ከፍቼ አላየሁትም። ነገ ኢንተርኔት ላይ ቢወጣ ምን እመልሳለሁ?»

«ስጋትዎ ተገቢ ነው» አለ ረሺድ በትሕትና። «ግን ኢንተርኔት ውስጥ አናስገባውም። አዲሱ ሳጥን እዚሁ ክፍል ይቀመጣል፤ ያለ እርስዎ ፓስወርድ ማንም አይከፍተውም። ሻንጣ ደግሞ ከቦታው ይነሣል። እኛ የምንወስደው ቅጂውን ነው። ሁሉም በደህና መድረሱን ከፍተን ሳናይ ከአሮጌው ምንም አናጠፋም።»

እኔም ልጁን ደገፍሁ። ጋሽ ጣሰው ግን «ከዒድ በኋላ፣ ኢንሻአላህ። ኸላስ፣ በቃ» ብለው ካሜራቸውን አነሡ።

እንዲህ ያለውን እምቢታ ስንፍና ነው ብሎ ማለፍ ይከብደኛል። ብዙ ያጣ ሰው የተረፈውን መንካት ይፈራል። ሆኖም ፍርሃቱ የማሽኑን ዕድሜ አላራዘመለትም።

ዒድ አልፎ ወደዚያው ስመለስ ዙቤዳ የምትባል የከሚሴ ልጅ ቆማ ነበር። ከአሠሪዋ ከማዳሟ ቤት ሥራዋን ጨርሳ፣ ኹሩጅ የሚሉት የመውጫ ቪዛ ተመትቶላት፣ ለጉዞ ተዘጋጅታለች። እህቷ ሉብና ጀራዲያ ሰፈር ተቀጥራ ስትሠራ ታማ በመጋቢት ሞተች፤ የተቀበረችውም እዚሁ ሪያድ ነው። ሉብና በአንድ የሴቶች ግብዣ ላይ ከሌሎቹ ፈቀቅ ብላ ለእናቷ መልእክት ተናግራ ጽጌ ቀርጻት ነበር። ዙቤዳ የፈለገችው ያንን ነው።

«እናቴ አፈሯን እንኳ አልረገጠችም» አለች። «ድምጿን ላድርስላት፣ ጋሼ።»

ጋሽ ጣሰው ኮምፒውተሩን ከፈቱ። ሳጥኑ ቋ፣ ቋ አለና ዝም አለ። ማያው ላይ ምንም አልመጣም። ስልክ አንሥተው ረሺድን ጠሩት።

ረሺድ ደርሶ ሳጥኑን ወዲያው አጠፋው። ዲስኩን አውጥቶ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኘው፤ የሚነበበውን ጥቂት በጥቂት ሲገለብጥ ብዙ ቀን ፈጀበት። ሠርጎች ተረፉ፤ የሕፃናት ልደት ተረፈ። በመጨረሻ የሉብና ስም ያለበት ፋይል ወጣ። ዙቤዳ «አልሐምዱሊላህ!» አለች። ረሺድ ከፈተው፤ ደግሞም ከፈተው። ከዚያ አንገቱን ደፋ።

«እህቴ፣ የመጣው ስሙ ብቻ ነው። ውስጡ ባዶ ነው።»

ዙቤዳ ስልኳን አውጥታ ከሚሴ ለእናቷ ደወለችና ስልኩን ለጋሽ ጣሰው ሰጠቻቸው።

«እህቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ይህ ወጣት ለምኖኝ ነበር፤ አልሰማሁትም።»

እናትየው «ወንድሜ፣ እርስዎ ሰምተዋት ይሆን? ምን ነበር ያለችኝ?» ሲሉ ተሰማን።

«የሴቶች ነው ብዬ... አንድ ቀን እንኳ አልከፈትሁትም» አሉ ጋሽ ጣሰው፤ ዕንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። «የሰማችው ባለቤቴ ጽጌ ነበረች። እሷም የለችም።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ጋሽ ጣሰውን መከራከር አላስፈለገም። የተረፈው ሁሉ ወደ አዲስ ማከማቻ ተዛወረ። አንድ ዲስክ ቢሞት ሌላው ሳይደክም የሞተው በአዲስ ይተካል፤ ሌላ ቅጂ ደግሞ ቤታቸው ተቆልፎ ተቀምጧል። የተቀረጸ ሰው ሁሉ የራሱን በፍላሽ ሳይቀበል አይወጣም፤ በአፈሳው ተባርረው ከአገር ቤት የሚደውሉ ሰዎችም የሠርጋቸውን ምስል እያገኙ ነው። «እኔ የመሰለኝ ሳይነኩ ማስቀመጥ መጠበቅ ነው» አሉኝ። «መጠበቅ ለካ እየከፈቱ ማየት፣ ሳይሞት ማሸጋገር ኖሯል። ለልጆቹ አስተምርልኝ።» ይኸው እያስተማርሁ ነው።

ለዙቤዳ ግን ይህ ሁሉ አልደረሰላትም። አውሮፕላን ማረፊያ የሸኘኋት እኔ ነኝ፤ የያዘችው የእህቷን አንድ ጉርድ ፎቶግራፍ ነው።

«ሰዉ ሁሉ እኔንና ሉብናን ድምፃችሁ አንድ ነው ይለን ነበር» አለችኝ በሩ ላይ ቆማ። «እኔ እሷን ሆኜ ለእናቴ ብናገርላት ብዬ አሰብሁ። እናቴ ግን ትለየዋለች።»

ሻንጣዋን አንሥታ ገባች።