መትፊያ ያጣ ሸንኮራ

ከተክለ ሃይማኖት ወደ ልደታ ኮንዶሚኒየም በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ከፊቴ ሁለት ሴቶች ያወራሉ።

«አማቴ ከትናንት ወዲያ ኦፕራሲዮን ተደረጉ።»

«ውይ! ምን ሆነው?»

«አንጀታቸው ተዘግቶ። ሐኪሙ ያወጣውን አሳየን፤ የታኘከ ሸንኮራ፣ እንደ ገመድ ተጠቅልሎ!»

«ሸንኮራ እኮ ተመጥጦ ይተፋል!»

«እኔም እንደሱ አልኳቸው። ‹አገሬ ቢሆን ደጅ እተፋው ነበር። እዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ ምንጣፍሽ ላይ ልትፋ እንዴ?› አሉኝ።»

«በስመ አብ! ሳህን ስጪኝ አይሉም?»

«ማስቸገር አይወዱማ። ሳምንቱን ሙሉ ‹ጨረሱ እንዴ?› እያልኩ የጨመርኩላቸው እኔ ነኝ።»

ከገጠር መጥታ እኔ ቤት የሰነበተችው እናቴ፣ እሁድ ዕለት ሸንኮራ ስንበላ አንዴ እንኳ ስትተፋ አይቻት እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ።