ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

በገዛ እጇ ኮምፒውተር የገጣጠመች የታቦር ሰፈር ልጅ ዛሬ ታክሲ ውስጥ አየሁ፤ ደስታዬን የት ላድርገው! ወደ መናኸሪያ ስንሄድ ኮምፒውተሩን እንደ ሕፃን ጭኗ ላይ አቅፋ ተክዛለች። አጠገቧ የተቀመጡት እናት ጠየቋት።

“ምንድን ነው ልጄ፣ ምድጃ ነው?”

“ኮምፒውተር ነው እማማ። ዕቃውን ለየብቻ ገዝቼ ራሴ ነኝ የገጣጠምኩት።”

“ጎሽ! ታዲያ ምን ያስተክዝሻል?”

“ግማሽ ሰዓት ይሠራና ድርግም ይላል። ወንድሜ ‘ድሮስ ያንቺ ሥራ!’ ብሎ ሳቀብኝ። መናኸሪያ ጋ ወስጄ፣ ፈታትቼ ልሸጠው ነው።”

“ይግላል?”

“በጣም! ማራገቢያ ግን አለው።”

“የት ነው የምታስቀምጪው?”

“ጠረጴዛ ላይ። እናቴ ደስ ብሏት ዳንቴል ሠርታለታለች፤ እስከ ታች ይሸፍነዋል።”

“ሲሠራም?”

“አዎ፣ አቧራ እንዳይገባው ብላ።”

“አይ ልጄ! በዚህ በሀዋሳ ሙቀት ጋቢ ደርባችሁለት በምኑ ይተንፍስ? እኔም ቴሌቪዥኔን እንዲሁ ሸልሜ ነው የገደልኩት።”

“ውይ! እናቴን ምን ልበላት?”

“‘ዳንቴሉ ሶፋው ላይ ያምራል’ በያት። ያንን ወንድምሽን ግን ለእኔ ላኪልኝ!”

“ወራጅ አለ!” ብላ ጮኸች ልጅቷ፤ መናኸሪያ ገና አልደረስንም።

እኔም የቤታችንን ቴሌቪዥን አልባሳት በልቤ ቆጠርኩ፤ እናንተም ዛሬ ቤት ስትገቡ ዳንቴላችሁን ገለጥ አድርጋችሁ እዩልኝ።