ዘሃራ የጨመረችው ዓረፍተ ነገር

ኮምቦልቻ ባለው ቤታችን፣ እህቴን ዘሃራን ለፈተናዋ የእንግሊዝኛ ምንባብ ሳለማምዳት እንግሊዝኛ የማያውቁት አባታችን አጠገባችን ቁጭ ብለው ትርጉሙን ይጠይቋት ነበር። የመጀመሪያው ምንባብ ስለ ድንች ታሪክ ነበር። ከባሕር ማዶ መምጣቱን ስትነግራቸው፣ «ወላሂ? እኔ የኛው መስሎኝ!» ብለው ሳቁ። ሁለተኛው ስለ ስፖርት ተሰጥኦ ነው። ዘሃራ እግር ኳስ ትወዳለች፤ አባቴ ግን ከልክለዋታል። አንብባ እንደጨረሰች ቀና ሳትል፣ «አባት ልጁን ኳስ መከልከል የለበትም ይላል» አለቻቸው።

ገጹን አየሁት፤ እንዲህ የሚል ነገር የለውም። አባቴ ወደ እኔ ዞረው፣ «እውነት ይላል?» አሉኝ። እሳቸውን መዋሸት አልሆነልኝም። «አይልም አባ፣ የራሷ ነው» አልኩ። ዘሃራ አቀረቀረች። አባቴም፣ «እንግዲያው መጽሐፉን ዝጊና አንቺው ንገሪኝ» አሏት። ኳስ መጫወት ምን ያህል እንደምትፈልግ እያለቀሰች ሁሉንም ነገረቻቸው። እሁድ ኳስ ሜዳ ድረስ የሸኟት እሳቸው ናቸው።