የመሪጌታ ስድስት ዐረፍተ ነገር

«ይፋግ ላይ አንድ ዲያቆን ሰዋስው ሳይጨርስ እንግሊዝኛ ቢጽፍ፣ ዐሥር ዓመት የለፋበት ዜማ ከራሱ ጠፋ አሉ።»

ዘመድ ጠይቄ ስመለስ ሐሙሲት መናኸሪያ ያገኘኋቸው መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ይህን ወሬ ሚኒባስ ስንጠብቅ አንድ ጊዜ፣ ጎን ለጎን ስንቀመጥ ሁለተኛ ጊዜ ነገሩኝ። ሦስተኛውን ሲጀምሩት ትዕግሥቴ አለቀ።

«ዲያቆኑን በዓይንዎ አይተውታል፣ የኔታ?»

«አላየሁትም። የነገረኝ ግን የታመነ ሰው ነው።»

«የነገረዎትስ አይቶታል?»

መሪጌታ በጣና ዳር ደብር ቅኔ የሚያስተምሩ፣ የሰፈራችን አባት ናቸው። ወሬውን የሙጥኝ ያሉት በምክንያት ነው። ባሕር ዳር አንድ ትምህርት ቤት ለጀማሪዎች እንግሊዝኛ ሊያስተምር ማስታወቂያ አውጥቷል፤ የሚመዘገብ ሰው በእንግሊዝኛ የጻፈውን አጭር ታሪክ ይዞ መቅረብ አለበት። ምዝገባው በዚያው ዕለት ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ የእሳቸው ወረቀት ግን ባዶ ነው።

«እንግዶች ወደ ደብራችን የሚያመጣ አስጎብኚ ልጅ ሥዕላችን ፊት ቆሞ በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ እንግዶቹ ይስቃሉ። የቅዱሳን ሥዕል ምኑ ያስቃል? ምን እንደሚላቸው ባውቅ አርመው ነበር» አሉ።

«እንግዲያው ይጻፉና ይግቡ።»

«ምን ይዤ? ሁለት መቶ ቃል ባውቅ ነው። በስተርጅና መሳቂያ ልሁን?»

እኔን እንግሊዝኛ ማንም አላስተማረኝም። ከሳሙና ካርቶንና ከመድኃኒት ወረቀት ለቅሜ ነው የተማርሁት፤ ስለዚህ ገና ያልጀመረ ሰው ስለ ስሕተት ሲሰብከኝ አልወድም።

«ልጠይቅዎት፤ አዲስ የቅኔ ተማሪ ረጅሙን ቅኔ፣ መወድስን፣ እስኪችል አፉን ዘግቶ ይቀመጣል?»

«ለምን ይዘጋል? ከጉባኤ ቃና ይጀምራል። ሁለት ቤት ብቻ ነው። የቈጠረውን ቅኔ ይዞ ይመጣል፣ እኔ አርመዋለሁ።»

«ሲሳሳትስ?»

«ጓደኞቹ ይስቃሉ፤ እኔም እስቃለሁ። ነገ የተሻለ ይዞ ይመጣል።»

«ታዲያ ለተማሪዎ የፈቀዱትን ለራስዎ የከለከሉት ምነው? ስሕተት ለልጅ ብቻ ነው የተፈቀደው?»

መሪጌታ ጋቢያቸውን አስተካክለው ሳቁ። «ምላስሽን የቻለ ባል ጽድቅ አያጣም። በይ ወረቀት አምጪ።»

ደብተሬን ሰጠኋቸው። ምክሬ አጭር ነበር፤ የሚያውቁትን ነገር በሚያውቁት ቃል። ማን ነበረ? ምን አጋጠመው? እንዴት ሆነ? ባሕር ዳር እስክንደርስ ስድስት ዐረፍተ ነገር ጻፉ። አንድ መምህር በታንኳ ሄደ። ጉማሬ ታንኳውን ገለበጠው። መምህሩ ዋኝቶ ወጣ። መጽሐፉ ረጠበ። ተማሪዎቹ ፀሐይ ላይ አሰጡት። መጽሐፉ ወፈረ፣ መምህሩ ከሳ። ሁለት ስሕተት ነበረበት፤ አንዱን አረምሁ፣ ሌላውን ራሳቸው አገኙት።

«ይህን ያህል ዘመን ሳስተምር፣ መማር እንዲህ እንደሚጣፍጥ ረስቼው ኖሯል» አሉ።

አንባቢ ሆይ፣ ትርፉን ልብ በል። ተሸምድዶ የተቀመጠ ቃል ይሻግታል፤ ታሪክ የተጻፈበት ቃል ግን ሥራ ስላገኘ አይጠፋም። የጻፈ ሰው የሚጎድለውን ያውቃል፤ የተሳሳተም ይታረማል። ዝም ያለ ሰው ምኑ ይታረማል?

ትምህርት ቤቱ ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን። መዝጋቢዋ ወረቀቱን አንብባ ከሳቋ ሳትመለስ ስማቸውን ጻፈች። መሪጌታ ወንበር ስበው ደብተሬ ላይ ሁለተኛውን ታሪክ ሲጀምሩ፣ መዝጋቢዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ማስታወቂያውን እስከ ታች አላነበባችሁትም እንዴ? ከስድሳ ዓመት በላይ የሆናቸው እኮ ታሪክ አይጠየቁም፤ ስማቸውን ብቻ ነው የሚሰጡት።»