ለአክስቷ የምትላከው ልጅ

ዝናቡ ባያባርረኝ ኖሮ ያን ቀን ልብስ ሰፊው ዘንድ ባልገባሁ፣ ይህንንም ጉድ ባልሰማሁ። ሰፊው ሚስታቸውን የቀበሩ ሰሞን ነው። አንዱን የስፌት መኪና እሳቸው፣ ሌላውን ትምህርቱን ማታ እየተማረ የጨረሰው ረዳታቸው ይዘዋል። ትንሿ ልጃቸው ጀርባዋን ሰጥታ የጨርቅ ቁርጥራጭ ላይ ተቀምጣለች።

«እግዜር ያጽናዎት» አልኳቸው።

«ምን ጽናት አለ መምህር! ነገ ይህችን ለአክስቷ እልካታለሁ። ወንድ ሆኖ ልጅ ያሳደገ ማን አለ?»

ረዳቱ መኪናውን አቆመ። «እኔ አለሁ ጋሼ።»

«አንተማ ሞግዚት ነህ!» ወደ እኔ ዞሩ። «ሚስቱ ነርስ ናት። እሷ ተረኛ በሆነች ቁጥር ሕፃን አዝሎ፣ ጡጦ ይዞ ይንከራተታል። ኧረ ጎረቤት ምን ይላል?»

«ልጄ ስታለቅስ ጎረቤት አይነሳልኝም ጋሼ። ባለቤቴ የክፍሏ ኃላፊ የሆነችውም ልጇን የምትተውለት ሰው ስላላት ነው። የእርስዎ ባለቤት፣ እትዬስ? በልብስ ቅድ ከሁለታችንም ይበልጡ ነበር። በወለዱ ማግስት እርስዎ ‹መቀሱን አስቀምጪ› አሏቸው።»

«ለልጇ ብዬ ነዋ!»

«ልጅቱ የእርስዎም ናት።»

«የእኔ? እስቲ እይ!» ብለው «አንቺ፣ ነይ!» ሲሉ ጮኹ። ልጅቱ ንቅንቅ አላለችም። «ይኸው፣ ጆሮ ዳባ ልበስ! እናቷ ናት ያሞላቀቀቻት። ትናንትም በጥፊ ብያታለሁ።»

የረዳቱ ፊት ጠቆረ። «ጋሼ፣ በግራ ጆሮዋ እኮ ጨርሶ አትሰማም፤ በቀኟም ከቅርብ ካልሆነ።»

«ምን?»

«እትዬ ሁልጊዜ በቀኟ ዞረው ነበር የሚያናግሯት። እዚሁ ቆመው ሲነግሩዎትም ሰምቻለሁ። እርስዎ ግን ‹የሴት ወሬ ተይኝ፣ ሥራ ይዣለሁ› ብለው መኪናውን ረገጡት።»

እኔ በሰው ኀፍረት አፍሬ ወደ ዝናቡ ዞርኩ። እኚህ ሰው ክፉ አይደሉም፤ የሰፈሩን ሰው ሁሉ የትከሻ ልክ በቃላቸው ያውቃሉ። የገዛ ልጃቸውን ግን አያውቋትም! «ልጅ የእናት ነው» የሚሉት ልማድ እናትን ያደክማል፣ አባትን በገዛ ቤቱ ባዳ ያደርጋል።

ሰፊው ተነስተው በቀኟ በኩል ቁጢጥ አሉና ቀስ ብለው «ልጄ» አሏት። ወዲያው ዞረች። አባቷን ስታይ ግን ፊቷን በክንዷ ከለለች።

እኛ ፊት አለቀሱ። እንባቸውን ለመደበቅም አልሞከሩም።

«አልልካትም» አሉ በመጨረሻ። «ግን ፀጉሯን ማበጠር እንኳ አላውቅም።»

«ይለመዳል ጋሼ። እኔም ስንት ጡጦ አቃጥያለሁ። ነገ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት፤ ሱቁን እኔ እከፍታለሁ።»

አንባቢዬ ሆይ፣ አባት ልጁን ሲይዝ የእናት ሙያ አይቀበርም፤ ልጅም አንዱን ብታጣ ሌላው ይቀርላታል። አባትም ልጁ ምን እንደሚያማት ሌላ ሰው እስኪነግረው አይጠብቅም። ሰፊው ይህን ያን ቀን ተቀብለዋል። አስቀድማ የነገረቻቸው ሚስት ግን የለችም፤ «ልክ ነበርሽ» የሚሏት ሰው አጥተዋል።

ዝናቡ አባርቶ ስወጣ አባትየው አሁንም ቁጢጥ እንዳሉ ነበሩ። ልጅቱም ክንዷን አላወረደችም።