ሔዋን በእንሰት ጓሮ

ሣርዬ፣ ከሆመቾ በሰላም ገባሽ? መንገዱ መቼም ጭቃ ነው… እስቲ ወደ አጥሩ ጠጋ በይ፤ እኔ እንደሆነ ጉልበቴን አሞኝ ከዚህ አልነሳም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የቀረሁትም በዚሁ ነው። ያን ድራማ በዓይኔ ሳላየው… ደግነቱ የመዘምራኗ አቢጋኤል መጥታ አንድ ሳታስቀር አጫወተችኝ።

የድራማውን ደራሲ ስማቸውን አልጠራም። እኚህ ወንድማችን የተማሩ ብቻ ሳይሆኑ መማራቸውን የማይረሱ ሰው ናቸው። የአዳምንና የሔዋንን ውድቀት የሚተርክ፣ ብሎኬት የሚያህል የጥንት የፈረንጅ ግጥም አለ አሉ፤ እሱን ሦስት ዓመት ሙሉ ሲመረምሩ ኖሩ። ከዚያ ትንታኔ ጻፉ፤ ከትንታኔው ድራማ አወጡ። ዱራሜ ለሚደረገው ጉባኤ ካልተመረጠልኝ ብለው እንቅልፍ አጡ። እሑድ ዕለት መራጮቹ ከዚያው ድረስ መጥተው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር።

እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ስለ ግጥም ምን አባቴ አውቃለሁ? ግን አክብረውኝ እዚህ ደጃፍ ቁጭ ብለው አንብበውልኛል። «ገነትን ሀዲያ አመጣኋት» አሉኝ። ዛፉ እንሰት ሆኗል። ሔዋን ሥራ ፈትታ ስትንጎራደድ ከእንሰቱ ፍሬ ቀጥፋ ትበላለች። አዳም ግን ምንም ጥፋት የለበትም፣ ለፍቅር ብሎ ነው የበላው… ትንታኔው ይኸው ነው። እባቡስ አትይኝም? እባቡ አጥር ላይ ተደግፎ «ሰማሽ ወይ?» እያለ ወሬ የሚጀምር ነው። ይህን አነጋገር ከየት እንዳገኙት እንጃ። እኔ እንኳ ለልብሱ ይሁን ብዬ አረንጓዴ አልጋ ልብሴን ሰጠሁ።

ከእንሰት ላይ ፍሬ ተቀጥፎ ሲበላ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔም አላየሁም። አርባ ዓመት እንሰት ፍቄ፣ ቆጮ ቀብሬ፣ «ጥልቅ ነው» ብዬ ራሴን ነቀነቅኩላቸው። የተማረ ሰው ካለ አፍርቶ ይሆናል… አልኩ በሆዴ። እንዲህ ያለች አማካሪ ለጠላትሽም አትመኚ።

ሔዋን ባለቤታቸው ነበረች፤ አዳም ራሳቸው። ጥፋት የሌለበት ወንድ ከእሳቸው ሌላ ከየት ይመጣል? መድረኩ ላይ ከሥሩ የተነቀለ እንሰት አቁመው ብርቱካን በክር አንጠልጥለውበታል። ሴቱ ሁሉ አፉን በነጠላው ያዘ። ባለቤታቸው ቀና ብላ ብርቱካኑን አየች… ቀጥላ ቅዳሜን ሙሉ እንሰት ሲፍቅ የዋለ እጇን አየች። ከዚያ የተጻፈላትን ተወችው።

«ይኼ እንዲህ አይበላም» አለች። «ደግሞ እኔ መቼ ሥራ ፈትቼ አውቃለሁ? ና አዳም፣ ቁጭ በልና አብረን እንፋቀው።»

እንግዲህ እንሰት ሲፋቅ ወንድ አጠገቡ እንደማይደርስ አንቺ ታውቂያለሽ፣ ያደግንበት ነው። ያን ሁሉ ገጽ ያገላበጡት ወንድማችን ይህችን አላሰቧትም። መድረኩ ላይ ቆመው የዘረጋችላቸውን የመፋቂያ ቢላዋ አዩ፣ መራጮቹን አዩ… እግዚአብሔር ሳያባርራቸው ከገነት በገዛ እግራቸው ወጡ። በጓሮ በር። እባቡ ተራውን ሲጠብቅ ቀረ፤ ሳቁ አስፋልቱ ድረስ ተሰማ አሉ።

አሁን ዱራሜ የተጠራችው ባለቤታቸው ናት፤ ሔዋንን በራሷ ቃል ትሠራለች። ለእባቡ ደግሞ መዘምራኑ እኔን ጠየቁኝ፣ «እሷ ልምምድ አያስፈልጋትም» ብለው። እሺ ብያለሁ። ወንድማችን ለጉባኤው ብለው ያሳተሙት መቶ ሃምሳ የትንታኔ ቅጂ አልጋቸው ሥር ነው። እሳቸው መጋረጃ ይስባሉ።

ብቻ ጌታ ይባርካቸው። ዕድሜ ይስጣቸው… ያን የትንታኔ መጽሐፍ ከእሳቸው ሌላ አንድ ሰው አንብቦ እስኪጨርሰው ድረስ ያኑርልን።