«ቀጥል» ያልኩበት ቀን

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራትና ክቡራን የማተሚያ ቤቱ ባልደረቦቼ፣

ሥራችሁን አቁማችሁ እኔን ለመሸኘት ስለተሰበሰባችሁ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የማንበቢያ መብራቱ በጣም ያምራል። የሰጣችሁኝ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት እርማት አስነብባችሁ ዓይኔን ከጨረሳችሁት በኋላ ነው።

«አራት ነጥብ» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ወሬ ስለማላበዛ ነው። ዛሬ ግን ትንሽ ታገሡኝ።

አዲሶቹ አታውቁትም እንጂ እርማት ክፍል ውስጥ ሁለት ነበርን። አንዱ ዋናውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው የታተመውን ናሙና በጣቱ እየተከተለ ስህተት ይለቅማል። ለእኔ የሚያነብልኝ «ራዲዮ» የምንለው ሰው ነበር። ድምፁ እስከ ማሽን ክፍሉ ድረስ ይሰማል።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት የጥንቶቹ የዕብራውያን ነቢያት ቃል ለኅትመት መጣልን። አሞጽ ሚዛን የሚያጭበረብሩትን፣ ድሃውን ከፍርድ አደባባይ የሚገፉትን ሲገሥጽ ራዲዮ ጠረጴዛ ይመታ ነበር። እኔም ደስ እያለኝ «በላቸው» እለዋለሁ። እነማን ናቸው ብዬ ግን አልጠየቅኩም። እኔ ውስጡ ያለሁ አይመስለኝም ነበራ።

ሆሴዕ ላይ ደረስን። እግዚአብሔር የሕዝቡን በደል ይናገራል፣ ቅጣቱንም ይናገራል፤ ከዚያ መሀል ላይ ልቡ ይራራና እንዴት አሳልፌ እሰጣቸዋለሁ ብሎ ይጨነቃል። ራዲዮ እዚያ ላይ ቆመ።

«ይኼን ስማ እስቲ። የሚጨነቀው እኮ ፈራጁ ራሱ ነው።»

«ቶሎ በል ባክህ፣ አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ነው።»

መልሶ አነበበው። እኔ ግን ገጹን ገልጬ ነበር። «ቀጥል» አልኩት።

ለካ ያ መስመር ከናሙናው ላይ ተዘሎ ኖሯል። ሦስት ሺህ ቅጂ ታተመ። ሦስት ሺህ ሰው ምሕረት የሌለበት ፍርድ ገዝቶ ቤቱ ገባ።

የያኔው ሥራ አስኪያጅ ሁለታችንን አስጠሩን። «ማነው ሲያነብ የነበረው?»

«እሱ» አልኩ።

ዋሸሁ? አልዋሸሁም። ግን መስመሩን የዘለለው እሱ እንደመሰላቸው እያየሁ ዝም አልኩ። ራዲዮ ዞር ብሎ አየኝ። «እኔ አንብቤዋለሁ» ማለት ይችል ነበር። አላለም። እኔም እንድባረር አልፈለገም መሰለኝ። የሦስት ልጆች አባት ነው፤ በሳምንቱ ዕቃውን በካርቶን ይዞ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ብቻዬን ነው የማነበው። በሩን ከፍታችሁ «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» ስትሉኝ፣ ለራሴ አንብቤ ለራሴ «ቀጥል» እያልኩ ነበር። ምሳ ኑ ስትሉኝ እምቢ የምለው ኮርቼ አይደለም። ከእናንተ ጋር ከሳቅኩ ምስጢሬ ከአፌ የሚያመልጠኝ መስሎኝ ነው። ቤቴም ስገባ ሰው የለኝም። በጣም ብቸኛ ሆኜ ነው የኖርኩት።

ይህ ቅጣቴ ነው እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። ነቢያቱን ደጋግሜ ሳነባቸው ግን እግዚአብሔር አንድም ቦታ ሂድና ጥግ ይዘህ ተሠቃይ ሲል አላገኘሁትም። ተመለሱ ነው የሚለው፤ የበደላችሁትን ካሱ ነው የሚለው። እኔ መቼ ተመለስኩ? ተደበቅኩ እንጂ።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ የጋበዙኝን ድግስ ስላበላሸሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በራዲዮ ማህደር ላይ «በንባብ ስህተት የተሰናበተ» የሚል አለ። እሱ በትክክል አንብቧል። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ጽፌ፣ ፈርሜ አምጥቻለሁ። ግልባጩን ነገ ጠዋት ራሴ እወስድለታለሁ። በሩን ይከፍትልኝ ይሆን? አላውቅም። ባይከፍትልኝም አልፈርድበትም።

እናንተን ፈጣሪ በጤና ያቆያችሁ። ለጡረታችሁ በሰላም ያድርሳችሁ፤ ስትደርሱም የሚጠብቃችሁ ቤተሰብ አይጥፋ። ጥፋታችሁን ፊት ለፊት የሚነግራችሁ ሰው አያሳጣችሁ፤ ነግሯችሁም ተነሥቶ የማይሄድ።